ዱቄቴን አራግፌ

ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ ሳድበለብል አድሬ፣
ለከዚራ ሰው ቁርስ ዳቦውን ደርድሬ፣
ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ ደቻቱን ተሻግሬ፤
ከቤቴ ስደርስ ግን አልገባም በበሬ።

በጓሮ ዞሬ ነው፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣
ሸሚዜን አውልቄ ቅንድቤን የምታጠብ።
ጥፍሬን ስፈገፍግ፣ ጆሮዬን ሳጸዳ፣
ጎረቤት በአጥር ያየኛል በየማለዳ፦
«አቦ! ሙሽራ ነህ ወይስ የሰርግ እንግዳ?»

«ዱቄት ነው» እላለሁ፤ እሱው ነው ደሞዜ፣
እሱው ነው የልጄ በሽታና ትካዜ።

ኢፍቱ ሆዷ ሲነፋ፣ እግሯ ሲቀጥን፣
ያልሰጠናት የለም፤
ጥቁር አዝሙድ፣ ሬት፣ ፌጦ በማር።
ኋላ ድል ጮራ ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም
ወረቀት ላይ ጻፈችልን፦
ስንዴ የለም። ገብስ የለም።
ዳቦ፣ ፓስታ፣ ፈጢራ፣ ሳምቡሳ የለም።
ቀና ብላ ጠየቀችኝ፦ «ሥራዎ ምንድን ነው?»
ሳቅሁ። ምን ልበላት?
ሱፊያ ግን ኮሪደሩ ላይ ሻሿን አጥብቃ
«ሥራህን አትተውም» አለች፣ «ድስታችን ግን ይለወጣል።»
እሷ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ልትሸጥ በጠዋት ትወጣለች፤
ድስቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ማታ ሥራ ልሄድ ስል ቦሎቄ እነክራለሁ፣
ጠዋት ጠጥቶ፣ ወፍሮ፣ ተወጥሮ አገኘዋለሁ።
ቧንቧው በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣ፣
የነከርኩበትንም ፓፓያዋ ትጠጣ፤
ከዚያ በአዲስ ውሃ፣ በቀስታ ከሰል ላይ፣
እሱ ሲንተከተክ፣ እኔ ሳንቀላፋ ወንበር ላይ።
ክዳኑ ሲንቀጫቀጭ ነው የምነቃው።

የምጨምርበትን እኔ አይደለሁም የማዘው፤
ቀፊራ ነው የሚያዘኝ፣ ወቅቱ ነው የሚገዛው።
ጥር ላይ ቲማቲም፣ ካሮት ከሐረማያ፤
ክረምት ሲወጣ ዱባ፣ እሸት በቆሎ፣ ቃሪያ፤
ጥቅምት ላይ ለጋው ቦሎቄ ከነቅርፊቱ መጥቶ
ኢፍቱ ስትፈለፍል፣ ግማሹ መሬት ተደፍቶ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ሎሚ እሳት ሆነ።
ደንበኛዬ ኸድራ ጥሬ ማንጎ ወርውራ፣
«እንካ፣ ነፋስ የጣለው ነው፤ ሎሚህ ይኸው» አለች።
ልጬ፣ ከትፌ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ጨመርኩት።
ቦሎቄው ቆመጠጠ፣ ቃሪያው ነከሰ፤
ኢፍቱ አፏን አጣማ፣ ዓይኗን ጨፍና
«ድገመኝ» አለች።
በሁለት ዓመት ውስጥ
የመጀመሪያዋ «ድገመኝ»።

ማሽላዬን ይዤ ወደ ባይሳ ወፍጮ ቤት
ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ስንዴ ሳይገባ በፊት።
መጀመሪያ አንድ ጣሳ ለድንጋዩ ማጠቢያ፣
እሱ ለዶሮ ይሁን፤ የኛው ነው ከዚያ።
ባይሳ ያጉረመርማል።
ግን ያደርገዋል።

እትዬ የሺመቤት የልጅ ልጃቸው ልደት ላይ
ኬክ ቆርሰው ይዘው መጡ፦
«ኧረ ቁራሽ ናት! ምን ታደርጋታለች?»
ምን እንደምታደርጋት
ሌሊት ሆዷን ይዤላት ያደርኩት እኔ አውቃለሁ።
ምላሴ ላይ መልስ ስፈልግ ኢፍቱ ቀደመችኝ፦
«እኔ የማሽላ ልጅ ነኝ» አለቻቸው፣
ቆጣ ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ትናንት ሥራ አልነበረኝም።
ከማሽላው ሊጥ ቆንጥራ ወሰደች፣
በመዳፏ አድበለበለችው፣
በላዩ ላይ በጥፍሯ ሦስት ጊዜ ሰነጠቀችው፣
እኔ ዳቦዬን በምላጭ እንደምሰነጥቀው።
የት አየችኝ? ዳቦ ቤት ደርሳ አታውቅም።
መጥበሻው ላይ አንድ ጎኑ አረረ።
«ያንተን ዳቦ ሠራሁልህ» አለች፣
«ብላ፣ አያምህም።»

ጨው ረስታለች።
ከቦሎቄው አንድ ጭልፋ አፍስሼበት
በላሁት፣
ፍርፋሪውን ከጭኔ ላይ ለቅሜ፣
ሳላራግፍ።